ኪስን ሳያራቁቱ የመኪና ተወዳዳሪ ለመሆን

የመኪና ውድድር ሲነሳ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚደቀነው ፎርሙላ 1 ነው፤ ያ ደግሞ በቴሌቪዥን ከማየት በቀር የማይጠጉት ዓለም ነው። ከእሱ እጅግ ዝቅ ብሎ ግን ሌላ ውድድር አለ። በብዙ አገሮች፣ በእረፍት ቀን ማለዳ፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ የፕላስቲክ ኮን ደርድረው፣ ሰኞ ሥራ በሚገቡበት መኪና ከሰዓት ጋር የሚታገሉ ሰዎች አሉ። ስፖንሰር የላቸውም፤ ብዙዎቹ የራሳቸው መካኒክም የላቸውም። ያላቸው ክለብ ነው።

እኔ ወደዚህ ነገር የገባሁት በተገላቢጦሽ ነው። ክለቡን ከማወቄ በፊት ለመኪናዬ ሰፋ ያለ ቸርኬና ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ማርሚታ ገዛሁ። ወደ ክለቡ ውድድር በሄድኩበት የመጀመሪያ ቀን የመኪኖችን ደህንነት የሚያየው ፈታሽ ቸርኬውንም ማርሚታውንም ዞር ብሎ ሳያይ ኮፈኑን አስከፈተኝና ባትሪውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ባትሪው ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተወዛወዘ፤ ማሰሪያው ከነጭራሹ አልነበረም። «ዛሬ አትነዳም፤ ከፈለግህ ግን ኮን የሚያነሳ ሰው ጎድሎናል» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ኮን ሳነሳ ዋልኩ። በዚያ ቀን ስለ መንዳት ያየሁትን፣ መሪ ጨብጬ ለማወቅ ብዙ ወራት ይፈጅብኝ ነበር። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ቅደም ተከተል እኔ የሄድኩበት አይደለም፤ ክለቡ ይቀድማል፣ መኪናው ይከተላል።

1. የሚወዳደር ክለብ ይፈልጉ

የመኪና ክለብ ሁሉ የውድድር ክለብ አይደለም። አንዳንዱ አንድ ዓይነት መኪና ያላቸው ሰዎች ተሰብስበው መኪናቸውን እያደነቁ የሚጨዋወቱበት ነው። ክፋት የለውም፤ ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን የሰዓት መለኪያ፣ የኮን ክምርና የዓመት ፕሮግራም ያለው ክለብ ነው። አጭሩ መንገድ የአገሩን የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ፓሪስ ውስጥ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን በየአባል አገሩ ስፖርቱን ለሚመራ አካል እውቅና ይሰጣል፤ ያ አካልም የትኞቹ ክለቦች ውድድር እንደሚያዘጋጁ ሊነግርዎ ይችላል።

እነዚህ ክለቦች ዋጋቸው የሚቀንሰው ጉልበቱ የአባላት ስለሆነ ነው። ነገሩም አዲስ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1901 የተቋቋመው ሚድላንድ አውቶሞቢል ክለብ ሼልስሊ ዋልሽ በተባለው ዳገት ላይ ውድድር ማካሄድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ ዳገቱ ዛሬም ይወጣበታል። እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ ደግሞ በኮን መካከል የሚደረገውን ውድድር «ሶሎ» በሚል ስም ያዘጋጃል።

ክለቡን ሲያገኙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ለአዲስ ሰው አብሮ ተቀምጦ የሚያሳይ ልምድ ያለው ነጂ ይመድባሉ? ዝግጅቱ መድን አለው? ሄልሜት ያውሳሉ? ሦስቱንም በትዕግሥት የሚመልስልዎ ክለብ ጥሩ ክለብ ነው። «መጀመሪያ ምን መኪና አለህ?» ብሎ የሚጀምር ሰው ከገጠመዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

2. በየትኛው ውድድር ይጀመር?

የእኔ መልስ አንድ ነው፤ ኦቶክሮስ። ሰፊ አስፋልት ሜዳ ላይ በኮን የተሠራ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። መኪኖች ተራ በተራ ይገባሉ፤ ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም፣ የሚገጩት ግድግዳም በቅርብ አይኖርም። ፍጥነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተማ ዳር ባለ አውራ ጎዳና ከሚነዱት አይበልጥም። አንዱ ሩጫ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ በቀን አራት ወይም ስድስት ጊዜ ይሮጣሉ። ለአምስት ደቂቃ መንዳት ቀን ሙሉ መዋል እብደት ይመስላል፤ አዎ፣ ትንሽ እብደት አለበት። የመጀመሪያው ሩጫ ሲያልቅ እጅዎ መሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ ግን አምስት ደቂቃው ብዙ እንደሆነ ይገባዎታል። ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ውድድር በየአገሩ ስሙም ደንቡም ይለያያል፤ ብሪታንያ ኦቶሶሎና ኦቶቴስት፣ አውስትራሊያ ሞተርካና፣ ጃፓን ጂምካና ይባላል።

መኪናውን ጨርሶ ማስጨነቅ የማይፈልግ ሰው የሰዓት ራሊን ይሞክር። በተራ መንገድ ላይ፣ በሕጋዊ ፍጥነት የሚደረግ ሲሆን አንዱ ይነዳል፣ ሌላው መንገዱንና ሰዓቱን ያሰላል። ቀድሞ መድረስም እንደ መዘግየት ያስቀጣል። ባልና ሚስት አብረው ገብተው ሳይነጋገሩ የወጡበት ውድድር ቢኖር ይህ ነው።

የዳገት ውድድርና የአፈር ላይ ራሊክሮስ ቆየት ብለው የሚመጡ ናቸው። የሩጫ ትራክ ልምምድም ያጓጓል፤ ነገር ግን የፍሬን ሸራና ጎማ በአንድ ቀን የሚበላ ስለሆነ «ርካሽ» ከሚለው ቃል ጋር አይስማማም። በዋጋ ቁጥጥር ረገድ የማደንቀው ፎልክሬስ የተባለውን የፊንላንድና የስዊድን የርካሽ መኪኖች ውድድር ነው። እዚያ ከውድድሩ በኋላ ማንም ተሳታፊ በደንቡ በተወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ መኪናዎን ልግዛው ሊል ይችላል፤ እምቢ ማለት አይቻልም። አንድ ሰው መኪናው ላይ ሀብቱን እንዳያፈስ የሚከለክል ከዚህ የበለጠ ብልሃት አላየሁም።

3. መጀመሪያ ያለ መኪና ይሂዱ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል፤ እባክዎ አይዝለሉት። ለክለቡ «በሚቀጥለው ዝግጅት ላግዛችሁ» ብለው ይላኩ። መልሱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ «ና» ነው፤ እጅ የማይጎድለው ክለብ የለም።

የሚሰጥዎ ሥራ ምናልባት የኮን ጥበቃ ነው። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ያለብሱዎታል፣ ቀይ ባንዲራና የመገናኛ ሬዲዮ ያስይዙዎታል፣ የእሳት ማጥፊያው የት እንዳለ ያሳዩዎታል። አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ ለሚመጣ መኪና ጀርባ አይሰጥም። ስልክም ከኪስ አይወጣም።

ከእያንዳንዱ ኮን ሥር አስፋልቱ ላይ በኖራ የተሰመረ አራት ማዕዘን አለ። በአሜሪካው ክለብ ደንብ መሠረት የተነካው ኮን ቆሞ ከቀረና መስመሩን በከፊልም ቢሆን ከነካ ቅጣት የለም። ከወደቀ ወይም ከአራት ማዕዘኑ ጨርሶ ከወጣ 2 ሰከንድ ይጨመራል። በመቶኛ ሰከንድ በሚለያዩ ሰዎች መካከል 2 ሰከንድ ዘመን ማለት ነው። በር የሚባለውን ጥንድ ኮን ስቶ ያለፈ ደግሞ የዚያ ሩጫ ሰዓቱ አይቆጠርለትም። እርስዎ ኮኑን ሮጠው ያቆማሉ፣ በሬዲዮ ቁጥሩን ይናገራሉ፣ ወደ ቦታዎ ይመለሳሉ።

በዚህ መካከል አንዱን ኩርባ ሃምሳ መኪና ሲያልፍበት ያያሉ። እኔ ቆሜበት የነበረው ቦታ ከረጅም ቀጥታ በኋላ ወደ ግራ የሚታጠፍ ነበር። በኃይል የገቡት ጎማቸው እየጮኸ ወደ ውጭ ይንሸራተቱና የመጨረሻውን ኮን ይዘውት ይሄዳሉ። አንዲት ሴት በአሮጌ ትንሽ መኪና ትመጣለች፤ ጎማዋ ብዙም አይጮኽም፣ የፍጥነት ስሜት እንኳ አትሰጥም። ፍሬኗን ቀጥታው ላይ ጨርሳ ትለቃለች፣ አፍንጫው ወደ ውስጠኛው ኮን ይጠጋል፣ ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ከሁሉም ቀድሞ ከፍ ይላል። ሰዓቱ በሬዲዮ ሲነገር ነው ማን እንደፈጠነ ያወቅሁት። ከዚያ በኋላ ጆሮዬን ጎማ ላይ ሳይሆን ሞተር ላይ አደረግሁ።

4. መኪናውን ለፍተሻ ማዘጋጀት

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ጤነኛ የሆነ ተራ የቤት መኪና ይበቃል። ቁመታቸው ከፍ ያለ፣ ወገባቸው ጠባብ መኪኖች የመገልበጥ አደጋ ስላለባቸው ብዙ ክለቦች አይቀበሏቸውም፤ የእርስዎ እንዲህ ያለ ከሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

ፈታሹ የሚያየው ፍጥነት የሚጨምር ነገር አይደለም። ባትሪው መታሰሩን፣ የጎማ ዳዶዎች መሟላታቸውን፣ ጎማው ሲወዘወዝ ኩሽኔታው አለመላላቱን፣ የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ፈጥኖ መመለሱን፣ የፍሬን ፔዳሉ ሲረገጥ ጠንካራ መሆኑን፣ ዘይት አለመንጠባጠቡን ያያል። የጎማ ዳዶውን በመኪናው መመሪያ ላይ በተጻፈው ልክ፣ በልክ ማጥበቂያ ቁልፍ ያጥብቁ፤ በእግር እየረገጡ ማጥበቅ ብሎኑን ይጎዳል።

ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ የፍሬን ዘይት ላይ ይውጣ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ሲገባበት የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሆኖ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ ወደ 155 ዝቅ ይላል። ዘይቱ ከፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሁለት ዓመት ያለፈውን ዘይት ማስቀየር ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል።

ከዚያ መኪናውን ባዶ ያድርጉ። ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ የእግር ምንጣፍ፣ የልጅ መቀመጫ፣ በተለይም ወንበር ሥር የተረሳ የውኃ ጠርሙስ ይውጣ። ጠርሙስ በፍሬን ጊዜ ወደ ፊት ይንከባለልና ፔዳሉ ሥር ይገባል፤ የዚህን ነገር መጨረሻ መግለጽ አያስፈልግም።

ሄልሜት ከገዙ ስኔል የተባለው የሄልሜት ፈታሽ ድርጅት ምልክት ያለውን ይምረጡ። «ኤስ ኤ» የሚለው ለመኪና ውድድር የተዘጋጀ ሲሆን እሳት የመቋቋም ፈተና ያልፋል፤ «ኤም» የሚለው ለሞተር ብስክሌት ነው። ክለቡ የትኛውን ዓመት ምልክት እንደሚቀበል ሳይጠይቁ አሮጌ ሄልሜት አይግዙ። የመኪና መድን ውልዎንም ያንብቡ፤ የተለመደው ውል በሰዓት በሚለካ ውድድር ላይ የደረሰ ጉዳትን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። መኪናው ከተጎዳ ወጪው የራስዎ ነው ብለው ይነሱ።

5. የውድድሩ ቀን

ማልደው ይድረሱ። ምዝገባ፣ ፍተሻ፣ በር ላይ ቁጥር መለጠፍ በቶሎ ያልቃል፤ የቀረውን ጊዜ መንገዱን በእግር ለመሄድ ያውሉት። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሂዱ። አንደኛውን ብዙ ሰው እያወራ ስለሚሄድ ምንም አይታይበትም። ሁለተኛውን ብቻዎን ይሂዱና በየኩርባው ቁጢጥ ብለው ዓይንዎን በነጂ ቁመት ያድርጉት፤ ቆመው ግልጽ የነበረው መንገድ ድንገት የብርቱካንማ ኮን ጫካ ይሆናል። ተጋድሞ የሚያዩት ኮን ጫፉ የሚያመለክተው የት ማለፍ እንዳለብዎ ነው። ሦስተኛውን ሲጨርሱ ዓይንዎን ጨፍነው ከመነሻ እስከ መድረሻ በሐሳብ ይንዱት፤ የተቆረጠብዎት ቦታ ካለ ወደዚያው ይመለሱ።

ጎማው ጎን ላይ በጠመኔ አጭር መስመር ያስምሩ። ከሩጫው በኋላ ጠመኔው ወደ ጎማው ግድግዳ ዘልቆ ከጠፋ ጎማው እየታጠፈ ነው፤ ከአምራቹ ጣሪያ ሳያልፉ ትንሽ ንፋስ ይጨምሩ። ጠመኔው እስከ ጠርዙ ካልተነካ ንፋሱ በዝቷል ማለት ነው።

ልምድ ያለውን ሰው አጠገብዎ ያስቀምጡና የመጀመሪያውን ሩጫ መንገዱን ላለመሳት ብቻ ይንዱ። ሰዓቱን አይዩ። አብሮዎ የተቀመጠው ሰው ደጋግሞ የሚልዎ «ወደ ፊት ተመልከት» ነው፤ እጅ ዓይን ወዳየበት ይሄዳልና። ኮን እንዳይነካ ብሎ ኮኑ ላይ ያፈጠጠ ኮኑን ይመታል። ፍሬን ቀጥታ ላይ፣ መሪ በለሰለሰ እጅ፣ ነዳጅ መሪው መመለስ ሲጀምር፤ ለመጀመሪያው ዓመት ይህ በቂ ሥራ ነው። ከመስመር ቢሽከረከሩ ሁለቱንም ፔዳል፣ ፍሪሲዮንና ፍሬን፣ እስከ ታች ረግጠው መኪናው እስኪቆም ይጠብቁ።

6. ከዚያስ?

ወጪውን ለመቀነስ ብዙ ክለቦች የሚፈቅዱት ሁነኛ ዘዴ አንድ መኪና ለሁለት መንዳት ነው። ምዝገባው የየራስ፣ ጎማው የጋራ። አብሮዎ ከሚነዳው ጓደኛዎ ጋር ሰዓት ስታወዳድሩ «መኪናው ነው» የሚለው ሰበብም አብሮ ይቀራል።

ደንቡ መኪኖችን በምድብ ይከፍላል፤ አንዳንድ ትንሽ የሚመስል ለውጥ መኪናዎን ከፋብሪካ እንደወጡት መኪኖች ምድብ አውጥቶ እስከ ጥርሳቸው ከታጠቁት ጋር ያስመድብዎታል። የእኔ ቸርኬ ይህንኑ አደረገኝ፤ ሸጥኩት። የምድቡን ደንብ ሳያነቡ ብሎን እንኳ አይግዙ። አንድ ሙሉ ዓመት ከተወዳደሩ በኋላ የተሻለ ጎማ ቢገዙ ልዩነቱን ያውቁታል፤ ከዚያ በፊት የተሻሻለው ጎማው ይሁን እርስዎ መለየት አይችሉም።

ማምሻውን ኮን ተሰብስቦ መኪና ላይ ሲጫን ያግዙ። ከዚያ የጎማውን ንፋስ ወደ መንገድ ልኩ ይመልሱ፣ ዳዶዎቹን እንደገና በቁልፉ ይፈትሹ፣ ጠዋት ሜዳው ዳር ያወጡትን ትርፍ ጎማና ክሪክ ይጫኑ። እኔ አንድ ጊዜ ረስቼው ሄጄ ማግስቱን ጎማ ተነፈሰብኝ።