ዒላማ የሚስት የአየር ጠመንጃን ጉድለት ደረጃ በደረጃ እንዴት ማግኘት ይቻላል?

በጎጃም ከጠመንጃ ጋር ያደገ ሰው የአየር ጠመንጃን ንቆ ያነሣል፤ ሲስት ደግሞ ጥፋቱን በዕቃው ላይ ይጥላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ዒላማውን የሚያስተው ከምንሽር የተማረው አያያዝ ራሱ ነው። እዚህ የማስረዳው ቱቦው ታጥፎ ስለሚቀባበለው ባለ ሞላ ዓይነት ነው።

በመጀመሪያ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ቱቦው ታጥፎ ሳለ አንድ እጅዎ ቱቦውን አጥብቆ ይያዝ፤ ሞላው በድንገት ከለቀቀ ጣት ሊቆርጥ ይችላል። አረር ሳያጎርሱ ቃታ አይሳቡ፤ ፒስተኑ (ሞላው ወደ ፊት የሚገፋው፣ አየሩን የሚያምቀው ብረት) ግጭቱን የሚያለዝብለት አየር አጥቶ ከብረት ጋር ይጋጫል። ከዒላማው ጀርባ የአፈር ክምር ይሁን እንጂ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ አይሁን፤ አረሩ ነጥሮ ይመለሳልና። ዕቃው ከሩቅ ሲታይ ከሌላ ጠመንጃ ስለማይለይ በመንገድ ላይ በግልጽ ይዞ መሄድ አይገባም፤ ፈቃድን በተመለከተም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለ አስቀድሞ የአካባቢውን ፖሊስ መጠየቅ ይበጃል።

ቀጥሎ መነሻ ፈተና ያድርጉ። ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ወረቀት ሰቅለው፣ ማነጣጠሪያውን ሳይነኩ፣ አንድ ነጥብ ላይ አልመው አምስት አምስት ጊዜ በሦስት ወረቀቶች ላይ ይተኩሱ። ምቶቹ በአንድ ብር ሳንቲም የሚሸፈኑ ሆነው ከመሐል ርቀው ካረፉ ጠመንጃው ጤነኛ ነው፤ የሚስተካከለው ማነጣጠሪያው ብቻ ነው። ምቶቹ ከተበታተኑ ግን ማነጣጠሪያውን ማዞር ትርፉ ድካም ነው። በሁለት ቦታ ተከፍለው ከተሰበሰቡ የላላ ነገር አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል። ከዚህ በኋላ በእያንዳንዱ ፈተና አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ከሁሉ በፊት ብሎኖቹን ይመርምሩ። ባለ ሞላ ጠመንጃ በእያንዳንዱ ተኩስ ስለሚንቀጠቀጥ ብሎኖቹ በየጊዜው ይላላሉ፤ የእንጨት ሰደፍ ደግሞ በክረምት እርጥበት አብጦ በበጋ ስለሚደርቅ በሐምሌ የጠበቀ ብሎን በጥር ልል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በልኩ በሆነ ካቻቪቴ እንጨቱን ሳይጨፈልቁ ያጥብቁ።

አረሩም ይፈተሽ። የቱቦው ልክ 4.5 ወይም 5.5 ሚሊ ሜትር መሆኑ ብዙውን ጊዜ በጠመንጃው ላይ ተጽፏል። አረሮቹን በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሰው ምስር እንደሚለቀም አንድ በአንድ ይልቀሙ፤ የኋላ ጠርዙ የተጨረማመተ አረር አየር በአንድ ወገን ስለሚያስወጣ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንድ ጠመንጃ የሚወደውን አረር ሌላው ስለማይወደው ክብደታቸውና ቅርጻቸው የተለያዩ ሁለት ሦስት ዓይነቶችን መሞከር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አያያዙ እንመለስ። ምንሽር የተማረ ሰው ሰደፉን ከትከሻው ጋር አጣብቆ፣ የፊቱን እንጨት ጨብጦ ይተኩሳል። በባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ ግን አረሩ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ከባዱ ፒስተን ወደ ፊት ስለሚወረወር ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ፒስተኑ ሲቆም ደግሞ ወደ ፊት ይነቀነቃል። ጥብቅ ያዙትም ላላ፣ አረሩ የሚወጣው በዚህ ንቅናቄ መካከል ስለሆነ፣ የጭብጡ ኃይል በተለወጠ ቁጥር የምቱም ቦታ ይለወጣል። ስለዚህ ጠመንጃው በነጻነት እንዲነቀነቅ ይተዉት፦ ግራ መዳፍዎን ዘርግተው እንጨቱን ሳይጨብጡ ያሳርፉበት፤ መዳፉ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እንዲያርፍ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ ሰደፉ ትከሻዎን ቀለል አድርጎ ይንካ። እንጨቱን በቀጥታ በድንጋይ ወይም በጠረጴዛ ላይ አያስደግፉ፤ ገብስ ወይም አሸዋ የሞላ ከረጢት ከእጅዎ ሥር ያድርጉ። ከተኮሱም በኋላ ለአንድ አፍታ ሳይንቀሳቀሱ ማለምዎን ይቀጥሉ። እንደ እኔ ግምት ከዚህ ደረጃ በፊት ሌላ ዕቃ ለመግዛት መሮጥ ብር ማባከን ነው።

አያያዙ ተስተካክሎም ምቶቹ ከተበታተኑ የአየር ማምለጫ ይፈልጉ። ቱቦውና አካሉ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አስቀምጠው ሲተኩሱ ሶፍቱ ከበረረ መገጣጠሚያውን የሚያሽገው ጎሚኒ አርጅቷል። ቱቦውን ደግሞ ከኋላ ወደ አፈሙዙ በናይለን ክር በሚሳብ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የብረት ብሩሽ አይጠቀሙ። የሞተር ወይም የስፌት መኪና ዘይት ወደ ፒስተኑ ክፍል አይጨምሩ፤ ሲታመቅ ይቀጣጠልና ጭስና ከባድ ድምፅ አውጥቶ የአረሩን ፍጥነት ያዘበራርቃል።

አጉሊ ማነጣጠሪያ ካለው ማሰሪያው እንዳልተንሸራተተ በእርሳስ መስመር ምልክት አድርገው ይከታተሉ፤ ከጥይት ጠመንጃ የተወሰደ አጉሊ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚደረገውን ንቅናቄ ላይችለው ይችላል። አውልቀውት በብረቱ ማነጣጠሪያ ሲተኩሱ ምቶቹ ከተሰበሰቡ ጥፋተኛው ተገኘ። ደብረ ማርቆስ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ትንሽ ቢያዛንፍም ብልሽት አይደለም፤ ጠመንጃው የሚያምቀው በዙሪያው ያለውን አየር ስለሆነ ከደጋው ስስ አየር ወደ ቆላው ሲወርድ የአረሩ ጉዞ ይለወጣል። በሚተኩሱበት ቦታ እንደገና ማስተካከል ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ሲቀባበል የመፋጨት ድምፅ ከተሰማና ኃይሉም ከቀነሰ ሞላው ተሰብሯል ወይም የፒስተኑ ጎሚኒ ተበልቷል። ሞላው በውስጡ ታምቆ ስለሚቀመጥ መጭመቂያ የሌለው ሰው ሊፈታው አይገባም፤ ክዳኑ ሲለቅ እንደ ጥይት ይወረወራል።