ሃይድሮጄል ለየትኛው ቁስል?

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካሉ መድኃኒት ቤቶች ለቁስል የሚሆን ሃይድሮጄል የሚጠይቅ ሰው፣ አስቀድሞ ቁስሉ ደረቅ ነው ወይስ ፈሳሽ የሚያወጣ የሚለውን ቢለይ ገንዘቡን ከማባከን ይድናል። እንደ ፖሊቪኒል አልኮል ካሉ ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች (እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ረጃጅም ሞለኪውሎች) የሚዘጋጀው ይህ መሸፈኛ አብዛኛው ክፍሉ ውኃ በመሆኑ፣ ለደረቀ ቁስል እርጥበት ይሰጣል፣ የሞተውን ሥጋ ያለሰልሳል፣ ሲነሣም እንደ ተራ ጎዝ አዲሱን ቆዳ ይዞ አይላቀቅም። (ቁስል ካልደረቀ አይድንም የሚለው የቆየ እምነት ትክክል አይደለም።) ብዙ ፈሳሽ በሚወጣው ቁስል ላይ ግን ባይደረግ ይመረጣል፤ በዙሪያው ያለው ጤናማ ቆዳ ከመጠን በላይ ረጥቦ ይነጣል፣ ይላላልም። በቱቦ የሚሸጠው ጄል በላዩ ሌላ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። ቁስሉ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካለው፣ አልያም የስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ከሆነ፣ ከግዢው በፊት ሐኪም ይየው።