አልገጥም ያለ የእግር አጥንት፦ በቀዶ ሕክምናው ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ሞተር ሳይክል ሲገለበጥ፣ ባጃጅ ሲጋጭ ወይም ሰው ከዛፍ ሲወድቅ ብዙ እግር ይሰበራል። አብዛኛው በአግባቡ ሲታከም ይገጥማል፤ ጥቂቱ ግን ወራት አልፈውም አይገጥምም። በተለይ ከጉልበት በታች ያለው የቅልጥም አጥንት፣ የፊት ገጹን የሚሸፍነው ቆዳ ብቻ ስለሆነና ደምም እንደ ጭን አጥንት ስለማይደርሰው፣ ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በተለመደው መለኪያ ስብራቱ 9 ወር ሞልቶት በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ራጁ ምንም የመግጠም ለውጥ ካላሳየ አጥንቱ አልገጠመም ይባላል። እዚህ የደረሰ ሰው ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል፤ ያ ሕክምና ደግሞ እንደ ፊተኛው እንዳይከሽፍ ታካሚውም ቤተሰቡም ሐኪሙም ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት አጥንቱ ለምን እንዳልገጠመ ሳይታወቅ በፊተኛው ቀዶ ሕክምና የገባውን ብረት ለመቀየር መቸኮል ነው። በራጅ ላይ የስብራቱ ጫፎች ወፍረውና አዲስ አጥንት አብቅለው ከታዩ፣ አጥንቱ ለመግጠም እየጣረ ነው ማለት ነው፤ የጎደለው ጽናት ነው። ምሰሶው የሚወዛወዝ ቤት ምርጊት እንደማይዝለት ሁሉ፣ ብረቱ የሚላወስበት ስብራትም አዲሱን አጥንት ይዞ መቆየት አይችልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ስብራት ብዙውን ጊዜ የመቅኒውን ቦይ አስፍቶ ወፈር ያለ ዘንግ ማስገባት ይበቃል። ጫፎቹ ቀጥነውና ሾለው፣ አዲስ አጥንት ሳያበቅሉ ከተገኙ ግን ጽናት ብቻውን አያድናቸውም፤ የሞተው ክፍል ደም እስኪታይ ድረስ ተጠርቦ፣ ከታካሚው ከራሱ ዳሌ አጥንት ተወስዶ መሞላት አለበት። ስለዚህ ታካሚው «ብረቱ መቼ ይቀየርልኛል?» ከማለቱ በፊት «ያልገጠመው ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው፤ ግልጽ መልስ ማግኘትም ይገባዋል።

ሁለተኛው ስህተት የተደበቀ ኢንፌክሽንን አሳንሶ ማየት ነው። ሲሰበር አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ ወጥቶ ከነበረ፣ ወይም ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስሉ መግል ቋጥሮ ከነበረ፣ አሁን ቆዳው ቢደርቅም ጀርሙ ከብረቱና ከሞተው አጥንት ጋር ተጣብቆ ሊቀመጥ ይችላል። መግል በታየ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ችግሩን ከመሸፈን በቀር አጥንቱን አያድንም። ሌላም ጉዳት አለው፦ ለምርመራ ናሙና ሲወሰድ ጀርሙ እንዳይገኝ ይደብቀዋል፤ ስለዚህ የታካሚው ሁኔታ ከፈቀደ አንቲባዮቲኩ ናሙናው ከመወሰዱ 2 ሳምንት ገደማ በፊት መቋረጥ ይኖርበታል። ናሙናውም ከቁስሉ አፍ ተጠርጎ የሚወሰድ ሳይሆን፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ከጥልቁ ከተለያዩ ቦታዎች 5 ያህል ሆኖ ቢወሰድ ይመረጣል።

ኢንፌክሽን ያለበት ስብራት ብዙ ጊዜ በአንድ ቀዶ ሕክምና አያልቅም፤ ይህን ቀድሞ ያልተነገረው ቤተሰብ በመሐል ተስፋ ቆርጦ ታካሚውን ይዞ ይወጣል። አንዱ መንገድ የሞተውን አጥንት ቆርጦ፣ ክፍተቱን አንቲባዮቲክ በተቀላቀለበት የአጥንት ሕክምና ሲሚንቶ ሞልቶ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ሲሚንቶውን በማውጣት በዙሪያው በበቀለው ስስ ሽፋን ውስጥ አጥንት መሙላት ነው። ሌላው ሶቪየታዊው ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሳይቤሪያዋ ኩርጋን ያዳበረው፣ በእግሩ ዙሪያ የሚታሰር የቀለበት ብረት ነው። በዚህ መንገድ ጤነኛው አጥንት ተቆርጦ በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ ያውም በ4 ጊዜ ተከፍሎ፣ ወደ ክፍተቱ ይጓዛል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት ጉዞው ብቻ 50 ቀን ይፈጃል፣ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ደግሞ ብዙ ወራት ይጨመራሉ። ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ አጥንቱን የሚያስጉዘውን የቀለበቱን ብሎን ከታዘዘው በላይ ማዞር አዲሱ አጥንት እንዳይፈጠር ያደርጋል፤ ማዞሩን መተው ደግሞ ጉዞው ሳያልቅ አዲሱ አጥንት ቀድሞ እንዲጠነክርና እንዳይጓዝ ያደርጋል።

ብረት የገባበትን እግር ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ማሳሸትና ማሳሰር ሌላው ስህተት ነው። ሰው ወደ ወጌሻ የሚሄደው በንቀት አይደለም፤ መንገዱ ሩቅ፣ ወጪው ከባድ፣ እግሬ ይቆረጣል የሚለው ፍርሃትም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ የደም ዝውውርን ይዘጋል፣ እንዲህ የታሰረ እግር ሞቶ የተቆረጠበት ሰው በአገራችን ብርቅ አይደለም። የተፈራው መቆረጥ የመጣው ከማሰሪያው መሆኑ ልብ ይሰብራል።

ጫት ሲቃም የሚጨሰው ሲጋራም ቀላል ነገር አይደለም፤ ኒኮቲን ቀጫጭን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ አጥንቱ የሚፈልገውን ደም ይነሣዋል። ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት አስቀድሞ ማቆምና እስኪገጥም አለመመለስ ያስፈልጋል። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩን ማስተካከል አለበት። እንደ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መውሰድ አይመከርም።

እግርን ያለ ፈቃድ መርገጥ ብረት ሊሰብር እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ተቃራኒው ነው፦ ሐኪሙ እየረገጥክ ሂድ ብሎ ሳለ በፍርሃት ወራትን በአልጋ ላይ ማሳለፍ አጥንቱን ያሳሳል፣ ጉልበትንና ቁርጭምጭሚትን ያደርቃል።

በመጨረሻም የሕክምና ማስረጃን መጣል አለ። ከቦንጋ፣ ከሚዛን ወይም ከበደሌ ተነሥቶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለሚደርስ ታካሚ የቆዩ ራጆቹ ከአዲሱ እኩል ዋጋ አላቸው፤ መግጠሙ የቆመው መቼ እንደሆነ የሚታወቀው እነሱን በማነጻጸር ነውና። የመውጫ ወረቀቱ ላይም የገባው ብረት ዓይነት፣ ውፍረትና ርዝመት እንዲጻፍ መጠየቅ ይገባል። ለምሳሌ በቀዶ ሕክምና ጊዜ በራጅ እያዩ መሥራት ለማይችሉ ሆስፒታሎች ተብሎ የተሠራውና በአገራችንም የሚገባው ሳይን የተባለው ዘንግ የራሱ ማውጫ መሣሪያ አለው፤ ሌላ ዓይነት ዘንግም እንዲሁ የራሱን ይፈልጋል። ወረቀቱን ያየ ሐኪም ታካሚው ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቱ በፊት ትክክለኛውን መሣሪያ ያዘጋጃል።