መኪና ከክሪክ የሚወድቅበት ምክንያት፦ በመንገድ ዳር ጎማ ሲቀየር የሚደርሱ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህን የምጽፈው አዳማ ውስጥ በጎሚስታነት በሠራሁባቸው ዓመታት መንገድ ዳር ተጠርቼ ካየኋቸው አደጋዎች ተነሥቼ ነው። ዳዶ (ጎማውን የሚያስረው ብሎን) በየት በኩል እንደሚፈታና ክሪክ የት እንደሚገባ አንባቢው ስለሚያውቅ ያንን አልደግመውም።

ምልክት፦ መኪናው ክሪክ ላይ ቆሞ ሳለ ተንሸራትቶ ይወድቃል

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይህ ነው፤ ባለመኪናው የሚሰጠኝ መልስም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «የእጅ ፍሬን ይዤ ነበር፣ ማርሹም ፒ (የአውቶማቲክ መኪና መቆሚያ ማርሽ) ላይ ነበር።» እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም እርሱ ያሰበውን ያህል አልያዙለትም። እንደ ቪትዝና ያሪስ ባሉ በፊት ጎማቸው በሚጎተቱ መኪኖች ፒ የሚቆልፈው የማርሽ ሳጥኑን እንጂ ጎማዎቹን አይደለም። በመካከል ያለው ዲፈረንሻል የተሠራው መኪናው ሲታጠፍ የግራና የቀኝ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ነውና፣ አንዱ የፊት ጎማ ከመሬት ሲነሣ እርሱ አየር ላይ በተቃራኒው እየዞረ መሬት ላይ የቀረውን እንዲንከባለል ይለቀዋል። ስለዚህ የፊት ጎማ ከተነሣ በኋላ መኪናውን የሚይዘው የእጅ ፍሬን ብቻ ይሆናል። አውቶማቲክ የሚነዱ ብዙ ሰዎች ደግሞ «ፒ ይበቃል» እያሉ ዓመት ሙሉ ሳይስቡት ስለሚቆዩ፣ ገመዱ ዝጎ ወይም ላልቶ የሚገኘው ያን ዕለት ነው።

በብዙ አይሱዙ ኤንፒአር መኪኖች ላይ ነገሩ ይብሳል። የእጅ ፍሬናቸው የኋላ ጎማዎቹን በቀጥታ ሳይሆን ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ስለሚይዝ፣ በአንድ በኩል ያሉት የኋላ ጎማዎች ሲነሡ ማርሹም የእጅ ፍሬኑም በአንድ ጊዜ ከንቱ ይሆናሉ። ጭነት የያዘ አይሱዙ ያለ ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚደረግ ድንጋይ ወይም ጣውላ) ከኋላ በክሪክ የሚያነሣ ረዳት መኪናውን የያዘለት ነገር እንደሌለ ማወቅ አለበት።

ወደ ሶደሬ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ አንድ ወጣት የቪትዙን የቀኝ የፊት ጎማ አውጥቶ ስኮርታውን (መለዋወጫ ጎማውን) ሊያስገባ ሲል መኪናው አንድ ስንዝር ያህል ተንከባለለ። ክሪኩ ተጋደመ፣ የፍሬን ዲስኩ አስፋልቱ ላይ ወረደ፣ የልጁም ሁለት ጣቶች በመካከል ቀሩ። ስደርስ ከጎማዎቹ ሥር አንድ ድንጋይ እንኳ አልነበረም፤ በአሥር እርምጃ ርቀት ግን ድንጋይ ሞልቶ ነበር። በሌላ ጊዜ በዚያው መንገድ መኪናው እንዲሁ ወደቀ፤ አሽከርካሪው ግን ስኮርታውን ከበሩ ሥር አጋድሞት ስለነበር መኪናው በእርሱ ላይ አረፈና የሰውየው እግር ሳይነካ ቀረ።

መፍትሄው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። በመጀመሪያ ተሳፋሪ ሁሉ ይውረድ፤ የተኛ ሕፃንም ቢሆን ይውረድ። ከሚነሣው ጎማ በሰያፍ ትይዩ ያለው ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በጣውላ ታኮ ይያዝ፤ ቁልቁለት ከሆነ መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ሁሉ በቁልቁለቱ በኩል ታኮ ይደረግላቸው። ዳዶዎቹ መኪናው ሳይነሣ ግማሽ ዙር ያህል ይፈቱ፤ የጠበቀ ዳዶ ክሪክ ላይ ያለን መኪና እያወዛወዙ መፍታት ራሱ መኪናውን መጣል ነው። ከዚያ ስኮርታው ከመኪናው ሥር ይጋደም፤ የተበላሸው ጎማ ሲወጣ በስኮርታው ቦታ ይተካ። ከመኪናው ሥር ፈጽሞ አይግቡ። ብሎን ተንከባልሎ ቢገባ እንኳ በእንጨት ይሳቡት እንጂ እጅዎን አያስገቡ።

መሬቱም የችግሩ ግማሽ ነው። በአዳማ ዙሪያ ያለው አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ አመድና አሸዋ በመሆኑ፣ በበጋ ከላይ የጠነከረ መስሎ ክብደት ሲያርፍበት ይሰምጣል። መዳፍ በምታህል የክሪክ እግር ላይ ከ300 ኪሎ በላይ ሲጫን እግሩ በአንድ ጎን ይሰምጥና ክሪኩ ያዘነብላል። ሦስት ሣንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 30 በ30 ሣንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ በመኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ ቢቀመጥ ይህን ችግር ያስቀረዋል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ግን አይተካውም፤ ይሰነጠቃል፣ ብረትም ያንሸራትታል። በተራሮቹ ላይ የቆሙትን የኃይል ማመንጫዎች የሚያዞረው የአዳማ ነፋስ ደግሞ በሩ ተከፍቶ የተነሣ መኪናን ይገፋል፤ በሮቹ ይዘጉ።

በርካሽ ስለሚሸጡት የዘይት ክሪኮች ዝም ማለት አልችልም። ላያቸው ላይ የተጻፈው ቶን ቀለም ብቻ የሆነባቸው፣ ከነጭነታቸው ቀስ እያሉ የሚወርዱ ብዙ አይቻለሁ። መኪናውን አንሥተው አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ አንድ ጣት ያህል ከወረደ ክሪኩን ይጣሉት፣ ለሌላ ሰውም አይሽጡት።

ምልክት፦ የተጎዳው ጎማ በግራ በኩል ነው፤ ሠራተኛውም ጀርባውን ለመንገዱ ይሰጣል

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው የተጫነ ከባድ መኪና ደግሞ አይቶ እስኪቆም ከ100 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ሰዎች ግን «ቸርኬው እንዳይበላሽ» ብለው መታጠፊያ ላይ ወይም አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመው ይሠራሉ። ፍሬቻውን በሁለቱም በኩል አብርተው በእግር ጉዞ ፍጥነት ቀጥ ያለና ሰፊ ቦታ እስኪገኝ ይንዱ፤ ቸርኬ ይገዛል። የሚያንጸባርቀውን ሦስት ማዕዘን ቢያንስ 100 ሜትር ወደ ኋላ ያቁሙ። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ተሳፋሪዎች ከብረት አጥሩ ውጭ ይቁሙ፤ የግራ ጎማ ከሆነና በቂ ቦታ ከሌለ ራስዎ አይቀይሩ፣ እርዳታ ይጥሩ።

ምልክት፦ ዳዶው አልፈታም ይላል

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የእኛ የሙያ ሰዎች ጥፋት ነው። ለቪትዝ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር የማጥበቅ ኃይል ይበቃዋል፤ አንዳንዱ ጎሚስታ ግን በአየር መሣሪያ ብሎኑ እስኪለጠጥ ድረስ ያጠብቀዋል። መፍቻው ላይ የብረት ቱቦ አስገብተው ወደ ታች ይግፉ፤ ወደ ላይ የሚስብ ሰው መፍቻው ሲያመልጠው ወደ መንገዱ ይወድቃል። መፍቻው ላይ መዝለል አይገባም።

ምልክት፦ ከተቀየረ በኋላ ጎማው ይንኳኳል

ዳዶው በተገላቢጦሽ ገብቷል ማለት ነው፤ ሾጣጣው ጎን ወደ ቸርኬው መዞር አለበት። ወይም በቸርኬውና በሚያርፍበት ብረት መካከል ዝገትና አሸዋ ገብቷል። በሰያፍ እያፈራረቁ ያጥብቁ። አዳማ ላይ የቀየረ ሰው ሞጆ ሲደርስ ይፈትሽ፣ ቢሾፍቱ ላይም ይድገመው።

ቀጭኑ ጊዜያዊ ስኮርታ 60 ፒኤስአይ ነፋስ ይፈልጋል፤ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይም አይነዳም። ቀለበት ባለው የከባድ መኪና ቸርኬ ግን ዳዶ ከመላላቱ በፊት የጎማው ነፋስ፣ ጥንድ ከሆነም የሁለቱም፣ ተሟጥጦ ይውጣ። የተሰነጠቀ ቸርኬ ዳዶው ሲላላ ቀለበቱን እንደ ጥይት ይወረውራል።

ምልክት፦ ማታ በደህና አስፋልት ላይ ጎማ ይፈነዳል

ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ አንድ ሚኒባስ ሁለት ጎማ በአንድ ጊዜ ፈንድቶበት ሌሊት ተጠራሁ። በመብራት ስፈልግ አስፋልቱ ላይ አምስት ድንጋዮች በመስመር ተደርድረው አገኘሁ፤ ከጎናቸው የክሪክ እግር የቆፈረው ጉድጓድና የደረቀ ቅርንጫፍ ነበር። ቀን ላይ ጎማ የቀየረ ሰው ምልክት አድርጎ ደርድሯቸው፣ ሥራውን ጨርሶ ጥሏቸው ሄዷል። ሚኒባሱ ባይሆን ሞተር ሳይክል ይመጣባቸው ነበር። ታኮ የሆኑትንም ምልክት የሆኑትንም ድንጋዮች፣ መኪናውን ከማስነሣትዎ በፊት፣ ራስዎ ቆጥረው ከመንገዱ ውጭ ይጣሏቸው።