ንቅለ ተከላ የሚጠብቅ የኩላሊት ታማሚን አቅምና አእምሮ እንዴት እንፈትሻለን?

በዓይን ገምቶ ማለፍ ክፉ ልማድ ነው። በ40 ዓመቱ ከወንበር ለመነሳት የሚያቃስት ታማሚ አለ፤ 70ን ተሻግሮ ደረጃ የሚወጣም አለ። ስለዚህ እንለካ።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ታማሚው ለዲያሊሲስ (ለኩላሊት እጥበት) 4 ሰዓት ያህል ስለሚቀመጥ «በዚያው ልጠይቀው» ማለት ያጓጓል። ይመቻል፣ ግን ለጠያቂው ነው። በእጥበት ላይ የደም ግፊት ሊወርድ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደምም ሊቀንስ ይችላል። ማሽኑ ይጮሃል፣ አንዱ እጅም መርፌ አለበት። በዚህ መሃል የተሰራ የአእምሮ ፈተና ቢወርድ ምን ይገርማል? እጥበት በሌለበት ቀን፣ ካልሆነም ከእጥበቱ በፊት አድርጉት። ሲደገምም በተመሳሳይ ሁኔታ ይሁን፤ አለዚያ ሁለቱን ውጤቶች ማነጻጸር አይቻልም።

መነጽርና የመስሚያ መሳሪያ እንዳይረሳ። መድኃኒቱንም እዩ። ጋባፔንቲን የሚባለውን የነርቭ ሕመም ማስታገሻ ከሰውነት የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ መጠኑ ካልተስተካከለ ተጠራቅሞ ሰውን ያደነዝዛል። ያንን የመርሳት ችግር ብሎ መጻፍ ታማሚውን መበደል ነው። ድባቴና የእንቅልፍ እጦትም እንዲሁ ያሳስታሉ።

ከዚያ ወደ ሰውነት። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የፍሪድ መለኪያ አምስት ነገር ያያል፦ ሳይፈልጉ መክሳት፣ የእጅ ጭብጥ ጉልበት፣ ድካም፣ የእርምጃ ፍጥነትና የእንቅስቃሴ መጠን። ሶስትና ከዚያ በላይ የተገኘበት «ፍሬይል» (አቅሙ የተዳከመ) ይባላል። ክብደቱ ላይ ተጠንቀቁ። ጡንቻው እየሟሸሸ ውሃ ከተጠራቀመ ሚዛኑ ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ ደረቅ ክብደቱን (ትርፍ ውሃው በእጥበት ከወጣ በኋላ ያለውን) ካለፉት ወራት ጋር አስተያዩ። ጭብጡን ፊስቱላ (ለእጥበት ተብሎ በቀዶ ሕክምና የተገናኘ የደም ስር) በሌለበት እጅ ለኩ።

የጭብጥ መለኪያ ከሌለ አትጨነቁ። እኔ ወንበርና ሰዓት እመርጣለሁ። ኤስፒፒቢ የሚባለው ፈተና ሚዛን ጠብቆ መቆምን፣ አጭር እርምጃንና እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ ከወንበር 5 ጊዜ መነሳትን ከ12 ነጥብ ይይዛል። አጠገቡ ቁሙ፣ ሊወድቅ ይችላል። ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሰውየውንም እዩ። በሶስተኛው ላይ መዳፉ ሳያውቀው ወደ ጉልበቱ ከወረደ ጭኑ ከድቶታል፤ ጻፉት።

ለአእምሮ ሞካ የሚባለው የማስታወስና የማሰብ ፈተና ጥሩ ነው። ከ30 ይታረማል፣ 10 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ 26ና ከዚያ በላይ ደህና ይባላል። ትምህርቱ ከ12 ዓመት ላልበለጠ አንድ ነጥብ ይጨመራል፤ ፊደል ላልቆጠረ ግን ሞካ ቤዚክ የሚባለውን ተጠቀሙ። አስታማሚውን በትህትና ከክፍሉ አስወጡ፣ አለዚያ መላሹ እሱ ይሆናል። በኋላ ግን ለብቻው ጠይቁት፦ መድኃኒት ይረሳል ወይ? ከንቅለ ተከላ በኋላ በየቀኑ በሰዓቱ የሚዋጥ መድኃኒት ስላለ፣ ይህ መልስ ከነጥቡ አያንስም።

ዝቅተኛ ውጤት ብቻውን ከንቅለ ተከላ ወረፋ መሰረዣ አይደለም። ፊዚዮቴራፒ፣ የአመጋገብ ምክርና የመድኃኒት ማስተካከያ ይጀመር። ወረፋው ረጅም ነውና ፈተናውን በየጊዜው ድገሙት፤ ታማሚው ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ ደግሞ ቀጠሮውን አትጠብቁ።