ከረጅም ዓመታት በኋላ ወደ ደሞዝ ሥራ ለመመለስ ከየት ይጀመራል?

ልጅ ለማሳደግ፣ ወላጅ ለማስታመም ወይም በራስ ሕመም ምክንያት ሥራ ያቆመ ሰው አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሲቆይ “አሁንማ ማን ይቀጥረኛል” ይላል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚለው አንድም ቦታ ሳያመለክት ነው። ዕድሜ እንቅፋት አይሆንም አልልም፤ ይሆናል። በቅጥር ሥራ ላይ ሆኜ ያየሁት ግን አርባን ያለፈ አመልካች በአብዛኛው የሚወድቀው በሁለት ነገር መሆኑን ነው። አንደኛው የቀድሞ ልምዱን የሚያሳይ ወረቀት ማጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው እሱ በሌለበት ጊዜ ሙያው የት እንደደረሰ አለማወቅ ነው። ሁለቱም ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት ይስተካከላሉ። ስለዚህ ማስታወቂያ ማሳደዱን ለጊዜው ይተዉትና ከታች ባለው ቅደም ተከተል ይሂዱ። ምሳሌዎቼን የምወስደው አዲስ አበባ ውስጥ ካለው የሒሳብ ሥራ ነው፤ በቅርብ የማውቀው እሱን ነውና።

1. ወረቀት ያሟሉ

አገራችን ውስጥ ደብዳቤ የሌለው ልምድ አይቆጠርም። ስምንት ዓመት ሠርተው ደብዳቤውን ሳይቀበሉ የወጡ ሰዎች “ዜሮ ዓመት” ተብለው ሲመዘኑ ማየት ያሳዝናል።

ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤትዎ በአካል ይሂዱ። በስልክ የሚጠየቅ የድሮ ማኅደር አይገኝም። የቅጥር ደብዳቤዎን፣ የድሮ መታወቂያዎን ወይም አንድ የደሞዝ ወረቀት ይያዙ። ከሰው ኃይል አስተዳደሩ ይልቅ የሚጠቅምዎት መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ ነው፤ ፋይሉ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነውና በትሕትና ይጠይቁት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና የደሞዙን መጠን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። መብትዎ ስለሆነ እንደ ውለታ አይለምኑ።

ደብዳቤው እጅዎ ሲገባ ከቢሮው ሳይወጡ ያንብቡት። የተቀጠሩበትና የለቀቁበት ቀን፣ ወርና ዓመት፣ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደሞዙ፣ ፊርማውና ማኅተሙ መኖር አለባቸው። ከግል ድርጅት የሚወስዱት ከሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት፦ ከደሞዝዎ ላይ የሥራ ግብር ሲከፈል እንደነበር። ብዙ የቅጥር ማስታወቂያዎች ይህን በግልጽ ይጠይቃሉ፤ ደብዳቤው ስለ ግብሩ ዝም ካለ ልምዱ ላይያዝልዎት ይችላል። ድርጅቱ ከሌላ ጋር ተዋህዶ ከሆነ የተረከበውን ይጠይቁ። ተዘግቶ ከሆነ የቅጥር ደብዳቤውን፣ የዕድገት ደብዳቤውንና የደሞዝ ወረቀቶቹን አንድ ላይ አሰባስበው ያቅርቡ፤ የቀድሞ ኃላፊዎንም አፈላልገው ምስክር እንዲሆንዎት ይጠይቁ።

ቀጥሎ ስምዎን ያመሳክሩ። ዲግሪዎ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ሆሄ፣ የልምድ ደብዳቤዎ ላይ ያለውና በፋይዳ መታወቂያዎ ላይ ያለው መለያየቱ የተለመደ ነው። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ይጎድላል። ይህ ቅጥር ከተፈጸመ በኋላ የደሞዝ ሒሳብ ሲከፈት ጣጣ ያመጣልና አስቀድመው ያስተካክሉት። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ድሮ አውጥተው ከነበረ ያው የእርስዎ ነው፤ ሌላ አዲስ አያውጡ፣ የድሮውን ይፈልጉት።

2. ሙያዎ የት እንደደረሰ ይወቁ

በ2001 ዓ.ም. ሥራ ያቆመች ሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። እሷ ስትወጣ ከደሞዝ ግብር ነጻ የነበረው የመጀመሪያው 150 ብር ነበር። በ2008 ዓ.ም. 600 ሆነ፤ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 2,000 ብር ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃዎች፣ ሁሉም አይኤፍአርኤስ በሚለው፣ እንዲያዘጋጁ አዘዘ። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ፤ መጣኔው ግን ያው 15 በመቶ ነው። የግብር ማሳወቂያው ወደ ኢንተርኔት ገብቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር የሚገባውና የሚወጣው ገንዘብም መመዝገብና መታረቅ አለበት።

ሲደረደር ያስፈራል። ነገር ግን ዴቢትና ክሬዲት ቦታቸውን አልለወጡም። የባንክ ማስታረቂያ እንደ ድሮው ነው፤ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌርም ዛሬ ድረስ በብዙ ቢሮ ይሠራበታል። አዲስ የሆነው ላይ ላዩ ነው፤ መሠረቱን እርስዎ ያውቁታል።

ምን መማር እንዳለብዎት ለመለየት በመስክዎ የወጡ አሥር ያህል የቅርብ ጊዜ ማስታወቂያዎችን ይሰብስቡና የሚጠይቁትን በወረቀት ላይ ይቁጠሩ። ተደጋግሞ የመጣውን ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ይማሩ። የሁለትና የሦስት ወር የማታ ወይም የቅዳሜ ኮርስ ይበቃል። “መጀመሪያ ማስተርስ ልያዝ” የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ሁለትና ሦስት ዓመት ይወስዳል፣ ገንዘብ ይበላል፣ በመጨረሻም የሥራ ክፍተቱን ያሰፋዋል። ከኮርሱ ይልቅ አሁን በሥራ ላይ ያለ የቀድሞ ባልደረባ አጠገብ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብሎ የወር ሒሳብ ሲዘጋ ማየት የበለጠ ያስተምራል።

የጤና ባለሙያ ከሆኑ ነገሩ የተለየ ነው። የሙያ ፈቃድዎ መታደስ አለበት፣ ለዕድሳቱም ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃልና ከምንም በፊት ፈቃድ ወደሚሰጠው ጤና ቢሮ ይሂዱ።

3. ሲቪው ላይ ክፍተቱን ይጻፉት

ዓመታቱን አያድበስብሱ፣ የሌለ የግል ድርጅትም አይፍጠሩ። ሲቪውን የሚመረምረው ሰው ቀኖቹን አይቶ ይደርስበታል፤ ያኔ ጥያቄው ስለ ክፍተቱ መሆኑ ቀርቶ ስለ ታማኝነትዎ ይሆናል። በአንድ መስመር ይጨርሱት፦

“ከ2001 እስከ 2017 ዓ.ም.፦ ልጆች በማሳደግና ወላጅ በማስታመም ከመደበኛ ሥራ ውጭ። በዚሁ ጊዜ ለስድስት ዓመት የአካባቢው ዕድር ገንዘብ ያዥ፤ በየዓመቱ ሒሳብ አስመርምሮ ለጠቅላላ ጉባኤ ማቅረብ።”

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ልብ ይበሉት። የዕድር ገንዘብ ያዥነት፣ የሰበካ ጉባኤ ሒሳብ ሹምነት፣ የመስጊድ ኮሚቴ፣ የትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ፣ የዕቁብ ዳኝነት፣ እነዚህ ሁሉ የሰው ገንዘብና አደራ የተያዘባቸው ናቸው። ብዙ ሰው፣ በተለይ ሴቶች፣ “ያማ ሥራ አይደለም” ብለው ይተዉታል። ለመቶ አባወራ ዕድር ደረሰኝ ቆርጦ፣ ለሐዘንተኛ በሰዓቱ ከፍሎ፣ ዓመት ሲሞላ ሒሳቡን በሰው ፊት ያስረከበ ሰው የገንዘብ ያዥ ልምድ አለው። ከዕድሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይውሰዱ።

ሲቪው ከሁለት ገጽ አይብለጥ።

4. ለሰው ይንገሩ

ከረጅም ዕረፍት በኋላ ያየኋቸው ቅጥሮች አብዛኞቹ የተገኙት በሚያውቅ ሰው በኩል ነው። ሒሳብ ሠራተኛዋን የሚያስታውሷት አብረዋት የሠሩ፣ ዛሬ ክፍል ኃላፊና ፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ስልክ መደወል ግን ይከብዳል፤ ጓደኞቿ ወደፊት ሄደው እሷ የቀረች ስለሚመስላት ታፍራለች። ይህን እፍረት አቃልዬ አላየውም፤ ብዙ ሰው የሚያስቀረው እሱ ነው።

ሲደውሉ ሥራ ስጡኝ አይበሉ፤ የጠየቁትን ሰው ያስጨንቃል። እንዲህ ይበሉ፦ “ወደ ሥራ ልመለስ ነው። ወረቀቴን አሟልቼ ኮርሱንም ጨርሻለሁ። አሁን ቢሮ ውስጥ ምን እንደሚጠየቅ ግማሽ ሰዓት ብታጫውቺኝ ደስ ይለኛል።” ይህን እምቢ የሚል አላጋጠመኝም። ከዚያ ግማሽ ሰዓት በኋላ ክፍት ቦታ ሲሰማ የሚታወስ ስም ይኖርዎታል።

ለሒሳብ ሙያ ጥሩ በር የሚከፈተው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋና የግብር ማሳወቂያ ወቅት ይገባል፤ ሒሳብ የሚሠሩ ቢሮዎች በሥራ ይጨናነቃሉ፣ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚያግዝ ሰው ይፈልጋሉ። ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ይግቡበት። ሲወጡ የያዝነው ዓመት የተጻፈበት አዲስ የልምድ ደብዳቤ ይኖርዎታል፤ ከዚያ በኋላ የሚነበበው እሱ ነው።

5. ማስታወቂያና ደላላ

ሪፖርተር ጋዜጣን፣ ኢትዮጆብስንና የቴሌግራም የሥራ ገጾችን ይከታተሉ። ዕድሜ የሚገድቡትንና ለአዲስ ምሩቃን የወጡትን ይለፏቸው፤ ጉልበትዎን ለግል ትምህርት ቤቶች፣ ለክሊኒኮች፣ ለአስመጪዎችና ለትንንሽ ድርጅቶች ያቆዩ። እነሱ ቤት የተረጋጋና ዓመት ሳይሞላው የማይለቅ ሰው ይፈለጋል። ሥራ ለማስቀጠር ከእርስዎ ገንዘብ የሚጠይቅ ኤጀንሲ ካጋጠመዎት ይመለሱ፤ ሕጉ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ከሠራተኛው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክፍያ እንዲቀበል አይፈቅድም።

6. ቃለ መጠይቁ

“ለምን ቆሙ?” ለሚለው ጥያቄ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። “ልጆቼ ትንንሽ ስለነበሩና እናቴም ስለታመመች ነው። አሁን ልጆቹ አድገዋል፣ ቤቴም ተስተካክሏል።” ብለው ወደ ሥራው ይሻገሩ። የቤተሰብ ታሪክ አይዘርዝሩ፣ ይቅርታም አይጠይቁ።

ያልተጠየቀው ጥያቄ ይከብዳል። ከፊትዎ የተቀመጠው ኃላፊ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሊሆን ይችላል፤ በሆዱ “እኚህን ሴትዮ እንዴት አዛለሁ? ስህተታቸውን እንዴት እነግራቸዋለሁ?” እያለ ነው። በባህላችን ታላቅን ማረም ያስጨንቃል። ይህን ጭንቀት እርስዎ ያንሱለት። “የእኔ ልጅ” ወይም “አንተ” አይበሉት፤ “አቶ” ብለው በማዕረጉ ይጥሩት። አጋጣሚ ሲያገኙም “አዲሱን አሠራር ያስተማሩኝ ከእኔ የሚያንሱ ልጆች ናቸው፣ ስሳሳት እንዲነግሩኝ እፈልጋለሁ” ይበሉ። ይህን ብላ የኃላፊው ፊት የተፈታላት፣ በኋላም የተቀጠረች ሴት አውቃለሁ።

7. ደሞዙን በእጅ በሚገባው ያስሉ

“20,000 ብር” ከተባለ 20,000 እጅዎ አይገባም። አሁን ባለው የግብር መጣኔ 4,950 ብር ይቆረጣል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 1,400 ብር ነው። የሚደርስዎት 13,650 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ትራንስፖርት፣ ምሳና ትንሽ ልጅ ካለ የሞግዚት ወይም የሕፃናት ማቆያ ክፍያ ይቀንሱ። የሚቀረው ትንሽ ሆኖ “ለዚህ ነው የምወጣው?” ካስባለዎት ከመወሰንዎ በፊት ጡረታውን ያስቡ። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ፣ በዚህ ምሳሌ 2,200 ብር፣ በየወሩ ይጨምርልዎታል። ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገሉ መሆን አለብዎት፤ መውጫው ዕድሜ 60 ነው። በ45 ዓመትዎ ቢመለሱ 15 ዓመት አለዎት። በ52 ቢመለሱ ስምንት ብቻ ስለሚሆን የቀድሞው አገልግሎት ወሳኝ ይሆናል፤ በመንግሥትም በግልም መዋጮ የተከፈለበት ዘመን ይደመራልና የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ያገኙትን ደብዳቤ ይዘው ማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱን ይጠይቁ። የግል ድርጅት ጡረታ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. መሆኑንም ይያዙ።

8. ቤቱን አስቀድመው ያደላድሉ

ይህ ከቅጥሩ በፊት ይሁን። ማን ልጅ ያመላልሳል፣ ማን ራት ያሰናዳል፣ እናት ስትታመም ማን ሐኪም ቤት ይወስዳል? ለትዳር ጓደኛዎና ለደረሱ ልጆችዎ በስም ያከፋፍሉ። “እንረዳሻለን” የሚል የደፈና ቃል ከሁለተኛው ሳምንት አያልፍም።

9. የመጀመሪያዎቹ 60 የሥራ ቀናት

የሙከራ ጊዜ በሕጉ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። በዚህ ጊዜ ለሥራው አይመጥኑም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብቱዎት ይችላሉ፤ እርስዎም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላሉ። ቀድሞ ወደሠሩበት ድርጅት፣ ወደዚያው ሥራ ከተመለሱ ግን ሙከራ የለብዎትም።

የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተሰጠዎት በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ይጠይቁ። ደብተር ይያዙና የታዩትን አሠራር ሁሉ ይጻፉ፤ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መጠየቅ አያሳፍርም፣ አምስት ጊዜ ግን ያሰለቻል። “በእኛ ጊዜ እንዲህ ነበር” የሚለውን ቢያንስ ሙከራው እስኪያልቅ ያቆዩት። የመጀመሪያው ወር ደሞዝ ሲከፈል የደሞዝ ወረቀቱን ይቀበሉ፣ የጡረታው መስመር ላይ 7 በመቶው መቆረጡንና የጡረታ መለያ ቁጥርዎ በትክክል መግባቱን ይዩ፤ ስህተት ካለ በዚያው ሳምንት ለፋይናንስ ክፍሉ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ግልባጩንም ቤት ያስቀምጡ።