እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ኃይልንና ደንን አብሮ ማቆየት

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከወንዝ ውኃ የሚመነጭ ነው። 1,870 ሜጋ ዋት አቅም ካለው ግልገል ጊቤ 3 በኋላ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ሕዳሴ ግድብ ቢጨመርም፣ በተለይ በገጠር እሳት የሚነደው ዛሬም በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። ከቤት ውስጥ ሥራ ሁሉ ብዙውን ኃይል የሚበላው እንጀራ መጋገር በመሆኑ፣ ኃይልን ለመቆጠብ የሚፈልግ ቤተሰብ ከምጣዱ ቢጀምር ይሻለዋል። ማገዶና ግድብም የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም፤ ዛፉ የተቆረጠበት ተዳፋት አፈሩን በክረምት ጎርፍ ይለቅቃል፣ ቆቃን የመሰሉ ግድቦችን የሚሞላው ደለልም ከእንዲህ ዓይነቱ መሬት ታጥቦ የሚመጣ ነው።

ኤሌክትሪክ ካለዎት በኤሌክትሪክ ይጋግሩ። ሆኖም አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ፣ ቢያንስ 300 ባለ 10 ዋት አምፖሎች በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት መሆኑን አይዘንጉ። በዲቫይደር ፈጽሞ አይሰኩት፤ ለምጣዱ ብቻ የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ ያስፈልገዋል። ብዙው ሰው መብራት በሚጠቀምበት ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት መጋገሩን ትተው፣ ጠዋት ወይም ከቀትር በኋላ ያድርጉት። ሊጡ ሳይዘጋጅ ምጣዱን አይጣዱ፣ አክምባሎው በደንብ የሚገጥም ይሁን፣ የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች ሲቀሩም ኃይሉን አጥፍተው በቀረው ሙቀት ይጨርሱ። ምጣዱ እስኪግል በሚፈጀው ኃይል ላይም ብዙ ብክነት አለ፤ ስለዚህ ለ6 እና ለ7 እንጀራ ደጋግሞ ከማጋል አንድ ጊዜ 20 መጋገር ይመረጣል። እንጀራው ይሻግታል ብለው ከሰጉ፣ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው በአንድ ግለት ተከታትሎ መጋገር በእኔ እምነት ከሁሉም የበለጠ መፍትሔ ነው፤ የሚጠይቀው መግባባትን ብቻ ነው።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ከጉልቻ ወደ ምርጥ ምድጃ መሸጋገር ያስፈልጋል። ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ሲሆን፣ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚከልል ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ፍጆታ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ሲገዙ የምጣድዎን ስፋት ለክተው ይሂዱ፤ ምጣዱና ምድጃው ካልገጠሙ ሙቀቱ በክፍተቱ ይወጣል። ምድጃው የሚገጣጠምባቸውን ክፍሎች መጋጠሚያ በጭቃ ይምረጉ፣ በጭስ መውጫው ላይ ደግሞ ድስት ጥደው ውኃ ያሙቁ። ምድጃው ጭስን ቢቀንስም ጨርሶ ስለማያጠፋ መስኮትና በር ይከፈት፤ ጭሱ የሚጎዳው ከሁሉ በፊት እናቶችንና በጀርባቸው ያዘሏቸውን ሕፃናት ነውና።

እርጥብ እንጨት የሙቀቱን ብዙ ክፍል የራሱን ውኃ ለማትነን ያባክነዋል። ከክረምት በፊት ሰንጥቀው፣ ነፋስ በሚያገኘው ከጣሪያ በታች በሆነ ቦታ ይደርድሩት። ቦታ ያለው ገበሬ በግቢው ጥግ ወይም በማሳው ዳር ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ይትከል፤ ባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ከምንጭና ከእህል ማሳ ይራቅ። ኩበትን በተቻለ መጠን ለማሳው ይተዉት፣ አፈሩ ይፈልገዋል። ከሰል በአገር ልማድ በአፈር ተሸፍኖ ሲከሰል የእንጨቱ ጉልበት አብዛኛው ስለሚጠፋ፣ ለቡናም ቢሆን በትንሹና እንደ ላቀች ባለ የተሻሻለ ምድጃ ይጠቀሙበት።

ለውጡን በዓይንዎ ለማየት፣ አዲሱን ምድጃ ከመትከልዎ በፊት በ3 የመጋገሪያ ቀናት የነደደውን እንጨት በሚዛን ለክተው፣ የተጋገረውንም እንጀራ ቆጥረው ይመዝግቡ። ከተተከለ በኋላም ያንኑ ያህል እንጀራ በመጋገር ድጋሚ ይለኩ። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ በመጀመሪያ መጋጠሚያዎቹን፣ ቀጥሎም የእንጨቱን ድርቀት ይመርምሩ።